የስፖርት ቁልፍና የመኪና ሞላ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፥ ነጋዴው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መልሷል። በብዙዎቹ ላይ «ኖርማል» እና «ስፖርት» የሚል ምርጫ ይገኛል። ይኸው ቁልፍ በጸሓፊነት በማገለግልበት ንግድ ቤት ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሻጫችን «ስፖርት ሲደረግ ሞላው ይጠነክራል» ብሎ የሸጠውን መኪና፥ ገዢው ከጥቂት ቀን በኋላ «ልዩነቱ አይሰማኝም» በማለት መልሶ አመጣው። የፋብሪካውን መጽሐፍ ገልጠን ብንመለከት እውነቱ ከገዢው ጋር ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ሲሆን፥ ሞላው እንዳይነጥር የሚገታው ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ንጥረቱን ያበርደዋል። በአንዳንድ ውድ መኪናዎች ይህን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ የሚያጠብና የሚያሰፋ መሣሪያ አለ። ስፖርት ሲደረግ ቀዳዳው ይጠብባል፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ብዙ አያዘነብልም፥ ፍሬን ሲያዝም ወደ ፊት አይደፋም፤ የመንገዱ ጉድጓድ ግን እስከ ወገብ ድረስ ይሰማል። በሌሎቹ፥ በተለይም ዋጋቸው መካከለኛ በሆኑት፥ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚለውጠው የፔዳሉን ቅልጥፍናና የመሪውን ክብደት ብቻ ነው። መኪናው ፈጥኖ ሲፈተለክ ለነጂው ሞላውም የጠነከረ ይመስለዋል።

ይህን ለመለየት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ብዙ አይረዳም፤ ለስላሳ ነውና። ይልቅስ በከተማ ውስጥ አንድ የፍጥነት መግቻ ተመርጦ፥ በሰዓት በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ጊዜ፥ ቁልፉን ብቻ ለውጦ ማለፍ ነው። ነጂው የትኛውን እንደ መረጠ ለተሳፋሪው አይንገረው። ፈራጁም ተሳፋሪው ይሁን፤ ነጂውንማ ፔዳሉ ያታልለዋል።

ሆኖም መኪናው ከሞጆ ደረቅ ወደብ እንደ ወጣ ወዲያው አይሞከር። ለመርከብ ጉዞ ሲባል ጎማው ብዙ ጊዜ ከልኩ በላይ ይነፋል፤ አንዳንድ ፋብሪካዎችም በመንገድ እንዳይነጥር በሞላው መካከል መደገፊያ ያስገባሉ። ይህን ሳያስወጣ የነዳ ሰው ኖርማሉንም ስፖርት ነው ብሎ ይምላል። (እኔም አንድ ጊዜ ምዬአለሁ።) አስቀድሞ መደገፊያው ይውጣ፥ የጎማውም አየር በፋብሪካው በተወሰነው ልክ ይስተካከል።

አስመጪዎች ፕሮፎርማ ሲጠይቁ፥ ሾክ አብዞርበሩ በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ወይም ቋሚ መሆኑን በጽሑፍ ያስመልሱ። የሚስተካከለው መለዋወጫ ከተራው እጅግ ይወደዳል፤ በቦታው ተራውን ቢተኩበትም የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል። እኛ ግን ይህን ባለመጠየቃችን ከዋጋው ቀንሰን ገዢውን አስታረቅነው፤ መኪናውንም ይዞ ሄደ።