ተሰጥኦን የሚፈልግ ፈተና

የፈተና ሁሉ ዓላማ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ፈተና ተማሪው የተማረውን ምን ያህል እንደጨበጠ ይመዝናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወደፊት ሊደርስበት የሚችለውን ደረጃ ይመረምራል። በሕንድ አገር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ የተሰጥኦ ፍለጋ ፈተና ሁለቱንም ዓላማዎች ያጣመረ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናው የተጀመረው በ1963 ሲሆን፣ የሚያዘጋጀውም የአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ምርምርና ሥልጠና ምክር ቤት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በሙከራ መልክ በዴልሂ ግዛት ብቻ ተወስኖ፣ 10 የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ። በተከታዩ ዓመት ወደ መላው አገሪቱ ስለተስፋፋ የተሸላሚዎቹ ቁጥር 350 ደረሰ። ተወዳዳሪው የሳይንስ ችሎታ ፈተና ይፈተናል፤ በሳይንሳዊ ርእስ ድርሰት ይጽፋል፤ ያከናወነውን የጥናት ሥራ ዘገባ ያቀርባል፤ በመጨረሻም በቃል ይጠየቃል። ያለፈ ተማሪ እስከ ዶክትሬት ዲግሪ ድረስ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ዕድሉ መሠረታዊ ሳይንስን ለሚያጠኑ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ተሰጥኦ በአንድ የዕውቀት ዘርፍ ብቻ ይወሰናልን? በ1976 ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ለውጥ ተደረገ። ዕድሉ ማኅበራዊ ሳይንስን፣ ምሕንድስናንና ሕክምናን ለሚያጠኑም ተፈቀደ፤ የተሸላሚዎቹም ቁጥር ወደ 500 ከፍ አለ። ድርሰቱና የጥናት ዘገባው ቀርተው በሁለት የጽሑፍ ፈተናዎች ተተኩ። አንደኛው የማሰብና የማመዛዘን ችሎታን፣ ሁለተኛው የትምህርት ዝንባሌን የሚለካ ነበር። በ1981 ደግሞ ለብዙ ዘመናት በማኅበራዊ ሥርዓቱ ተገፍተው ለኖሩ ወገኖች ልጆች 50 ተጨማሪ ዕድሎች ተመደቡ።

ከ1986 ጀምሮ ምርጫው በሁለት ደረጃ ተከፈለ። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በቅድሚያ የራሱን ተማሪዎች ፈትኖ ይመርጣል፤ የተመረጡትም ለብሔራዊው ፈተና ይቀርባሉ። በዚህም ምክንያት ከማእከሉ ርቀው የሚማሩ ልጆች ከየአካባቢያቸው ተነሥተው ለመወዳደር ቻሉ። የዕድሉ ብዛት በ2000 ወደ 1000፣ በ2019 ደግሞ ወደ 2000 ካደገ በኋላ፣ ፈተናው በ2021 ተቋረጠ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ፈተና ተሰጥኦን ይፈልጋል እንጂ አይፈጥርም፤ የሚያገኘውም በደረሰበት ቦታና ሊለካው በሚችለው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተመረጠ ተማሪ ሁሉ ተሰጥኦ የለውም ሊባል አይገባም። ረመጥ በአመድ ቢሸፈንም እሳትነቱን አያጣምና፤ የሚገልጠው ሰው ግን ያስፈልገዋል።