ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ የጣለው ዓምድ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ድርጅት በሁለት ዙር ያካሄደውን የቤተሰብ ጥናት አጋጥሜ ሪፖርት እንድሠራለት ጠየቀኝ። ፋይሎቹ የደረሱኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ሪፖርቱ የሚፈለገው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነበር። እያንዳንዱ ፋይል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓምዶች ነበሩት፤ የስታቲስቲክስ ሰዎች ቫሪያብል የሚሏቸው ማለቴ ነው። አንዱን ካንዱ በዓይን እያመሳከሩ መሄድ ሳምንት ይፈጃል። እኔም አምስት መስመር የማትሞላ ትእዛዝ ጻፍኩ። "በሁለቱም ፋይል በአንድ ስም የሚገኙትን ያዝ፣ የተለያዩትን ጣል" የምትል ናት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሆኑ። ሪፖርቱም ሰኞ ገባ።

ረቡዕ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የኖሩ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። "ልጄ፣ ገጠሩን የት አደረስከው?" አሉኝ። በሰንጠረዤ ላይ የመብራት ተጠቃሚው ቤተሰብ ቁጥር እሳቸው ከሚያውቁት አገር ጋር አልገጠመም። ሰውዬው ትክክል ነበሩ።

የናሙና ክብደት የሚባለው ዓምድ በመጀመሪያው ዙር በሙሉ ስሙ፣ በሁለተኛው ዙር በሦስት ፊደል ምሕጻረ ቃል ተጽፏል። ስሞቹ ስላልተመሳሰሉ ፕሮግራሜ ሁለቱንም ጣላቸው። ከዚያ የተጠቀምኩበት ለሌላ ሥራ የጻፍኩት የቆየ ትእዛዝ ደግሞ "ክብደት ካለ ተጠቀም፣ ከሌለ ዝም ብለህ ቁጠር" የሚል ነበር። ቆጠረ።

ይህ ዓምድ ምን ያህል እንደሚያዛባ በምሳሌ እንየው። ከከተማ 500፣ ከገጠር 500 ቤተሰብ ተጠየቀ እንበል። በከተማው 90 ከመቶ፣ በገጠሩ 20 ከመቶው መብራት አለው። ያለ ክብደት ብንደምረው 55 ከመቶ ይሆናል። ነገር ግን ከሕዝቡ ከተሜው 20 ከመቶ ብቻ ከሆነ ትክክለኛው መልስ 34 ከመቶ ነው። በ55 እና በ34 መካከል ያለው ልዩነት በጀት ያስቀይራል። በአገራችን ትልልቅ ጥናቶች እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ካሉ አነስተኛ ሕዝብ ካላቸው ክልሎች ሆን ተብሎ ከድርሻቸው በላይ ናሙና ስለሚወሰድ፣ ክብደቱን መጣል በቀላሉ የሚታለፍ ስህተት አይደለም።

መቼም ከዚያ ወዲህ የማጋጠም ሥራ ሲመጣ እጄ ቶሎ ወደ መጣል አይሄድም። መጀመሪያ ሦስት ዝርዝር አወጣለሁ፤ በሁለቱም ያሉ፣ በመጀመሪያው ብቻ ያሉ፣ በሁለተኛው ብቻ ያሉ። አር በተባለው ሶፍትዌር ለመጀመሪያው "ኢንተርሴክት"፣ ለሁለቱ ደግሞ "ሴትዲፍ" የሚባሉ ትእዛዞች አሉ። "ሴትዲፍ" አቅጣጫ ስላለው ፋይሎቹን አቀያይሮ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ "ልዩነት የለም" ብሎ የሚያርፍ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስሞቹን ሁሉ ወደ ትንሹ የላቲን ፊደል መቀየርና ትርፍ ክፍት ቦታዎችን ማጽዳት ይገባል። አለበለዚያ ኮምፒዩተሩ በትልቅና በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንድ ስም እንደ ሁለት ይቆጥረዋል።

ሶፍትዌሮቹ ራሳቸው ጠባያቸው አንድ አይደለም። የፓይተኑ ፓንዳስ ከተነገረው የጋራ የሆኑትን ብቻ ይዞ ሌላውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይተዋል። ስታታ "አፔንድ" ሲባል ምንም አይጥልም፤ በአንዱ ፋይል የሌለውን ዓምድ ባዶ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንዱ ዓምድ በቁጥር፣ ሌላው በጽሑፍ ከተመዘገበ ግን እምቢ ይላል። "በግድ" የሚል አማራጭ ከጨመሩበት እሺ ብሎ የሁለተኛውን ፋይል መረጃ ባዶ ያደርገዋል። ይህን አማራጭ አልወደውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ስምና ስለ ዓይነት ነው። ከባዱ ግን ስሙም ዓይነቱም አንድ ሆኖ ትርጉሙ የተለየው ነው። እ.ኤ.አ. የ2011 እና የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችን እንውሰድ። በመጀመሪያው 16,515፣ በሁለተኛው 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። የክልል ዓምዱ በሁለቱም ፋይል "ቪ024" ይባላል፣ በሁለቱም ቁጥር ነው። የእኔ ዓይነት ፕሮግራም ደስ ብሎት ያሳልፈዋል። ይሁንና በ2011ዱ ፋይል አዲስ አበባ 14፣ ድሬዳዋ 15 ናቸው፤ በ2016ቱ ደግሞ 10 እና 11 ሆነዋል። ጋምቤላና ሐረሪም ከ12 እና 13 ወደ 8 እና 9 ወርደዋል። "14 የሆኑትን አምጣ" ያለ ሰው የ2016ቷን አዲስ አበባ አያገኛትም። ስለዚህ የጋራ ዓምዶችን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ያሉትን ኮዶች ጎን ለጎን ማተም የግድ ነው። የደቡቡ ኮድ 7 በሁለቱም አልተለወጠም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዳማ፣ በ2021 ደቡብ ምዕራብ ከክልሉ ወጥተው፣ በ2023 የቀረውም ለሁለት ስለተከፈለ፣ ከእንግዲህ የሚመጡ ፋይሎችን ከእነዚህ ጋር ለማጋጠም የሚነሳ ሰው ሌላ ራስ ምታት ይጠብቀዋል።

የዘመን አቆጣጠሩስ? የቃለ መጠይቁ ዓመት በ2011ዱ ፋይል 2003፣ በ2016ቱ 2008 ተብሎ ተመዝግቧል፤ በእኛው አቆጣጠር ማለት ነው። የኢትዮጵያን ፋይል ብቻውን ለሚሠራ ሰው ዕድሜ ለማስላት ችግር የለውም፤ የትውልድ ቀኑም የቃለ መጠይቁም ቀን በአንድ አቆጣጠር ነውና። ከኬንያ የ2014 ጥናት ጋር ካጋጠሙት ግን የእኛ 2016 ከኬንያው ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። እነዚህ ጥናቶች ቀንን በወራት ቆጥረው ስለሚይዙ መፍትሔው በኢትዮጵያው ቁጥር ላይ 92 መደመር ነው፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። እዚህ ላይ ለእኛ ይቀለናል፤ የውጭ አገሩ ተመራማሪ 2008ን አይቶ ግራ ሲጋባ እኛ ወዲያው እንነቃለን።

አሁን ፕሮግራሜ ከመጣሉ በፊት ሁለት ነገር ያደርጋል። የአቻ ስሞችን ሰንጠረዥ አንብቦ "ይህ በዚያኛው ፋይል እንዲህ ይባላል" የተባለውን ስም ያስተካክላል። ቀጥሎ ፈጽሞ መጥፋት የሌለባቸውን ይፈትሻል፤ የናሙና ክብደት፣ የናሙና ቀበሌ መለያና ክልል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራውን ያቆማል። "ካለ ተጠቀም" የምትለዋን መስመር ሰርዣታለሁ። የተጣሉት ዓምዶች ስም በሙሉ በተለየ ፋይል ይጻፋል፤ እኔም አትሜ እስክሪብቶ ይዤ አነበዋለሁ።

የዚያን ሪፖርት እርማት በሳምንቱ ላክሁ። አንጋፋው ባለሙያ መልሰው ደወሉ፤ የመብራቱን ቁጥር አይተውት ነበር። "አሁን አገሬን አወቅኋት" አሉኝና፣ ወዲያው ደግሞ በሰንጠረዥ አራት ላይ ስላለው የውኃ ዓምድ ይጠይቁኝ ጀመር።