ሹመትና ምርጫ፦ የነርሶች መሪነት ከሐይቅና ከአምባሰል ሲታይ

ሐይቅ ከተማም ሆነ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ውጫሌ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ሲያወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ነርስ ወይም የጤና መኮንን ዘንድ ነው። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሰው የታሰበ ሲሆን በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎችን ይደግፋል። ሕመምተኛውን መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ፣ ክትባት የሚያስተባብር፣ ሌሊት ዲዩቲ የሚያድር፣ የወሩን ሪፖርት ጽፎ ለወረዳ የሚልክ ባለሙያ ሲፈለግ ነርሱ አለ። ብዙ ቦታ የጤና ጣቢያው ኃላፊም እሱ ወይም እሷ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥም የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረን የዋርዱን ሁሉ ውሎና አዳር ታስተዳድራለች። እንዲህ ከሆነ «ነርሶች መሪ መሆን አለባቸው» ብሎ መሟገት የተከፈተ በር እንደ መግፋት ነው፤ ሲመሩ ኖረዋልና። እዚህ ላይ የሚነሳው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ነርስ እስካሁን የመራው በአመዛኙ በሹመት ነው። ሹመት ከላይ በደብዳቤ ይመጣል፣ በደብዳቤም ይነሳል፤ ተጠሪነቱም ለሾመው አካል ነው። በባልደረቦች ተመርጦ፣ ስለ ሙያው በሙያው ስም መናገር፣ ማለትም የማኅበር መሪነት፣ ሹመቱ በወረደበት መጠን ወደ ወረዳ አልወረደም። የአገራችን ነርስነት የጎደለው የሥልጣን ወንበር ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ዓይነት መሪነት ነው፤ ይህንንም ከዋና ከተማ ይልቅ ከሐይቅና ከአምባሰል ቆሞ ማየት ይቀላል።

የነርስነት ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀድሞ ሜትረን ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ እ.ኤ.አ. በ1887 የብሪታንያ ነርሶች ማኅበርን ስታቋቁም ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ ተምሮ የተፈተነ ሰው ብቻ በመዝገብ ይስፈር፣ ነርስ የሚለውንም ስም እሱ ብቻ ይያዝ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሳትቀር ተቃወመቻት። የምዝገባው ሕግ የወጣው ከ32 ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ የመዝገቡም የመጀመሪያ ቁጥር የፌንዊክ ሆነ። በ1899 የዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት የመሠረተችውም እሷው ናት። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገበች የሕፃናት ነርስ ስትሆን፣ ያገኘችው ማዕረግ የዚያ የማኅበር ትግል ፍሬ ነበር። ልዕልቷ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በ22 ዓመቷ ብታርፍም፣ በስሟ የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታልና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1940ዎቹ የአገር ልጆችን በነርስነት ማሠልጠን ጀመሩ። የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርም በዚያው አሥር ዓመት ተመሠረተ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ የነርሶቹ ማኅበር በዕድሜ ከሐኪሞቹ ማኅበር ይቀድማል። በልጅነቱ የቀደመ ማኅበር በጉልምስናው ድምፁ ለምን ሳሳ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከገንዘብ እጦት በላይ መልስ ይፈልጋል።

አንደኛው መልስ ከሕጉ ይገኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሥራ አራቃቸው። የሙያ ማኅበራት በሥልጠናና በዓመታዊ ጉባኤ ተወስነው የቆዩበት ዘመን ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው፣ የሙያ ማኅበር የአባላቱን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ የሙያ ሥነ ምግባርን ማጎልበት፣ አቅም መገንባት እንደሚችል በግልጽ ተጻፈ። በር ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ የፈቃድ ማደሻ ቅድመ ሁኔታ ሆኗል፤ ባለሙያ በዓመት ቢያንስ 30 ነጥብ ማሟላት ይጠበቅበታል፣ ማኅበራትም ሥልጠናውን በመስጠትና በመመዘን ይሳተፋሉ። ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስል። ውጫሌ የምትሠራ ነርስ ነጥቧን ለማሟላት ደሴ ወይም ባሕር ዳር ሄዳ መሠልጠን ካለባት፣ የትራንስፖርቱ፣ የአበሉ፣ የተተኪ ተረኛው ጣጣ በእሷ ላይ ይወድቃል። ሥልጠናው የት ይሰጥ፣ በስንት ይሰጥ፣ በየትኛው ርዕስ ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ጠረጴዛ ላይ የአምባሰልን ዳገት የሚያውቅ ሰው መኖር አለመኖሩ የማኅበር መሪነት ጥያቄ ነው። ሜትረኗ ይህን መወሰን አትችልም፤ የጤና ጣቢያ ኃላፊውም አይችልም።

ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ግን የአዋላጆቹ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የነርስ አዋላጆች ማኅበር ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ኋላ የኢትዮጵያ አዋላጆች ማኅበር ሆነ። በዕድሜ ከነርሶቹ በአራት አሥርት ያነሰ ነው፤ ሆኖም ስለ እናቶች ጤና ፖሊሲ ሲወራ ስሙ የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። መሪዎቹ ሙያቸውን መንግሥትም ለጋሽም ከሚፈራው አንድ ቁጥር ጋር አሰሩት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሞቱት እናቶች ግምት 871 ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወረደ። የቅነሳው ምክንያት ብዙ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽኑ፣ መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያው ሁሉ አለበት፤ ለአዋላጆች ብቻ መስጠት ሐቅ አይሆንም። ይሁንና ማኅበሩ «የሠለጠነ አዋላጅ» የሚለውን ሐሳብ ከዚያ ቁጥር ጎን አስቀምጦ አልለየውም። የነርስነት ሥራ እንዲህ ያለ ቁጥር አላገኘም። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ስንት ሕመምተኛ ትጠብቃለች? ከተኙት ስንቶቹ በመተኛት ብዛት ቆስለዋል? ስንት መድኃኒት በሰዓቱ ተሰጠ? እነዚህ ተቆጥረው፣ ተደምረው፣ በማኅበር ስም ወደ ክልል ጤና ቢሮና ወደ ሚኒስቴሩ ቢቀርቡ ጥያቄው ከልመና ወደ ክርክር ይለወጥ ነበር። ቆጠራው ደግሞ ከዋርድ እንጂ ከአዲስ አበባ ቢሮ አይመጣም። ስለዚህ የወረዳና የሆስፒታል ተወካይ የሌለው ማኅበር መሪ ቢኖረውም መከራከሪያ የለውም።

ሐይቅና አምባሰል ያሉበት የወሎ ሰው ደግሞ ተመርጦ ማገልገልን ከማንም መማር አይሻም። ቅሬው፣ ማለትም የመረዳጃ እድሩ፣ የራሱን ዳኛ ይመርጣል፣ ገንዘቡን ይቆጣጠራል፣ ያጠፋውን ይቀጣል፣ ድንኳኑንና ዕቃውን በተራ ያስጠብቃል። ወረዳው አልሾመለትም። ሩቅ ያለ ተቋም በመሀል ድምፅ እንዲኖረው ማድረግም ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀናው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ዘንድ ቦታ ነበረው፤ በሐይቁ ዳር የተቀመጠው መነኩሴ በአደባባይ ይሰማ ነበር። ሌላው ትዝታ መራራ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላታል ሲል፣ በጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ሌላ ሰው በስምህ እንዲናገርልህ መፍቀድና መገደድ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከአምባሰል ሰው በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም። ነርሶች ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ስለ እነሱ ሐኪሙ ይናገራል፣ የቢሮ ኃላፊው ይናገራል፣ ለጋሹ ይናገራል። ሁሉም በጎ ሊናገሩ ይችላሉ። ውሉ ግን በእነሱ ቋንቋ አልተጻፈም።

ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው «የማኅበር ሥራ መጨረሻው አድማ ነው» የሚል ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ክፍያን አስመልክተው ሥራ ካቆሙ በኋላ የታሰሩት ብዙ በመሆናቸውና አንድ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር በመታገዱ ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ሆኖም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን ቢያውቅም የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚጠቀሙበት ለሕግ ትቶታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አያካትትም። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ የሠራተኛ ማኅበር ከሌላት፣ የሙያ ማኅበሯም ዝም ካለ፣ ያልተከፈለ የዲዩቲ ገንዘብ ጥያቄ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቴሌግራም ቡድን ነው የሚሄደው፤ እዚያ የተመረጠ ተደራዳሪ የለም፣ የተናደደ ብዙ ሰው ግን አለ። ወንበር ላይ ያለ፣ ስሙ የታወቀ፣ ለመረጡት የሚጠየቅ መሪ ለመንግሥትም ይቀላል። አድማን የሚፈራ አስተዳዳሪ ከሁሉ በፊት የማኅበርን መሪ ሊፈልግ በተገባ ነበር።

«ሙያው ብዙ ማኅበር አያስፈልገውም፤ አንድ የጋራ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ይበቃል» የሚሉም አሉ። በክፍያ ጉዳይ ልክ ናቸው፤ እዚያ ላይ ብዛት ኃይል ነው። በሥራ ወሰን፣ በሥልጠና ይዘት፣ በነርስ ለሕመምተኛ ጥምርታ ግን ነርሱና ሐኪሙ፣ ነርሱና የላቦራቶሪ ባለሙያው ጥቅማቸው አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን ደብቆ የሚገኝ አንድነት የብዙኃኑን ዝምታ ነው የሚያመጣው። ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ሦስት ሌሊት ዲዩቲ ያደረ ሰው የት ስብሰባ ይሄዳል ይላል። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ በተለይ ለሴቶቹ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው በዓለም ከጤና ሠራተኛው 70 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ የመሪነቱን ቦታ የያዙት 25 በመቶ ያህል ናቸው። እኛ ዘንድ ወንዶች ነርሶች ብዙ ናቸውና ሚዛኑ ይለያያል ይባል ይሆናል፤ ግን መጠሪያውን አድምጡ። በገጠር ወንዱን ነርስ «ዶክተር»፣ ሴቷን «ሲስተር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈቃድ ይዘው። ዲዩቲ አድራ ቤቷ ስትገባ እንጀራ የሚጠብቃት ሴት ለምርጫ ቅስቀሳ የሚተርፍ ቅዳሜ የላትም። መልሱ መሪነትን ለእሷ በማይመች መልክ አቅርቦ «ሴቶች አይወዳደሩም» ማለት አይደለም። የማኅበር ሥራ በሥራ ሰዓት እንዲቆጠር፣ ተወካይ ለስብሰባ ሲወጣ ተተኪ እንዲመደብ ከክልል ጤና ቢሮ ጋር መስማማት ይቻላል፤ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያሻም።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴን፣ ሐይቅንና አምባሰልን ሲያዳርስ በአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲቆጠር የሚጀመረው ከሕንፃ፣ ከአልጋ፣ ከመሣሪያ ነው፤ ይህም ትክክል ነው፣ አልጋ የሌለበት ዋርድ ዋርድ አይደለምና። የተፈናቀለው ባለሙያ ግን፣ ደመወዙ የተቋረጠበት፣ ሕመምተኛ ጥሎ ላለመሄድ የቀረው፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያጣው፣ በንብረት መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን መዝግቦ ካሣና እንክብካቤ የሚጠይቅለት የራሱ ሙያ ተወካይ በወረዳው መኖር ነበረበት። ሹመኛው ይህን መጠየቅ ይከብደዋል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለሾመው አካል ነውና። የተመረጠ ሰው ግን የተመረጠው ለዚሁ ነው።

እንግዲህ በክልል ደረጃ የማኅበሩን ሥራ ለያዛችሁ ሁሉ፦ ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውጫሌም በዚያው በወልድያ አስፋልት ላይ አለች። በእያንዳንዱ ሆስፒታል አንድ፣ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ተወካይ ይመረጥ። ምርጫውም ዲዩቲ ያደረች ነርስ ልትገኝበት በምትችልበት ቀንና ሰዓት ይሁን።