በሰው አገር ለመጦር ስንት ገንዘብ ይጠየቃል?

«ጦረ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት አባት ሲያረጁ ልጅ ይጦራቸዋል፤ ያበላቸዋል፣ ያለብሳቸዋል። ጡረታ የሚለውም ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የኖረ ሰው ሲያረጅ ሥራውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ የጡረታ አበል ይባላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረታ ከወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ቀሪ ዕድሜያቸውን በሌላ አገር ለማሳለፍ ይፈልጋሉ። የአገራቸው ብርድ ይከብዳቸዋል። የቤት ኪራዩም፣ የምግቡም ዋጋ ይወደድባቸዋል። ስለዚህ ሙቀት ወዳለበት፣ ኑሮው ረከስ ወደሚልበት አገር ይሄዳሉ። ከነዚህ አገሮች አንዷ ታይላንድ ናት። ታይላንድ በእስያ የምትገኝ፣ ብዙ ገበሬዎቿ ሩዝ የሚያመርቱ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ባንኮክ፣ ገንዘቧም ባት ይባላል።

ዳሩ ግን ሰው ደስ ባለው አገር ገብቶ ዝም ብሎ መኖር አይችልም። ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወደ ሰው አገር የመግቢያ ፈቃድ ቪዛ ይባላል። ታይላንድ ለጡረተኞች የምትሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ይህን ፈቃድ ለመጠየቅ ዕድሜ 50 ዓመት መሙላት አለበት። ፈቃዱ ለ1 ዓመት ያገለግላል። ሲያልቅ እንደገና ማደስ ያስፈልጋል።

አገሪቱ ገንዘብ ለምን ትጠይቃለች?

በዚህ ፈቃድ የሚኖር ሰው በታይላንድ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም። ታዲያ ካልሠራ ከየት ይበላል? ቢታመምስ ማን ያሳክመዋል? ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ሕጉ ስለ ገንዘብ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። «ሀብታም ነህ ወይ?» ማለቱ አይደለም። «ሳትሠራ ዓመቱን መዝለቅ ትችላለህ ወይ?» ማለቱ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሦስት መንገዶች አሉ። በምንጭና በጎተራ መስለን እንያቸው።

አንደኛው መንገድ እንደ ምንጭ ነው። ምንጭ በጥቂት በጥቂቱ ይፈሳል፤ ግን አይቋረጥም። በየወሩ 65,000 ባት የሚገባለት ሰው በዚህ መንገድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው እንደ ጎተራ ነው። በታይላንድ ባንክ ውስጥ 800,000 ባት ያስቀመጠ ሰው የወር ገቢውን አይጠየቅም።

ሦስተኛው ሁለቱን መደመር ነው። የዓመቱ ገቢና በባንክ ያለው ገንዘብ ተደምሮ 800,000 ባት መሙላት አለበት። ለምሳሌ አንድ ሰው በወር 60,000 ባት ቢያገኝ በዓመት 720,000 ይሆናል። የጎደለውን 80,000 በባንክ አስቀምጦ ማሳየት ይኖርበታል።

ጎተራው ሁሉ አይበላም

ጎተራ ያለው ሰው ከሐሳብ ዐረፈ ማለት ነው እንዴ? አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ደንቡ ጠበቅ ብሏል። 800,000 ባቱ ፈቃዱ ከመጠየቁ 2 ወር በፊት በባንክ መገኘት አለበት። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም 3 ወር ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ ባለው ጊዜ ባለቤቱ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ከ400,000 ባት በታች ማውረድ አይፈቀድም። እንግዲህ የጎተራው ግማሽ እንደ ዘር እህል ነው ማለት ነው። ቢቸግርም አይበላም። የበላው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ ላይታደስለት ይችላል።

ምንጩም ይቀንሳል

የጡረታ አበሉ የሚከፈለው በጡረተኛው አገር ገንዘብ ነው። ታይላንድ የምትቆጥረው ግን በባት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ጡረተኛ ከመንግሥትና ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተደምሮ በወር 1,500 ፓውንድ ያገኛል እንበል። 1 ፓውንድ በ50 ባት ሲመነዘር 75,000 ባት ይሆንለታል። 1 ፓውንድ ወደ 40 ባት ቢወርድስ? ያው 1,500 ፓውንድ 60,000 ባት ብቻ ይሆናል። ሰውዬው አንድ ሳንቲም ሳያባክን ከ65,000 በታች ወረደ።

ይህ ተረት አይደለም። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሲሰጥ የፓውንድ ዋጋ ወዲያው ወደቀ። ሌላም ችግር አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በአገር ውስጥ ለሚኖሩት በየዓመቱ ይጨመራል። ታይላንድ ለሚኖሩት ግን አይጨመርም። ኑሮ ይወደዳል፣ አበሉ እዚያው ይቆማል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ቀደም ሲል እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ጡረተኞች ስለ ገቢያቸው ከኤምባሲያቸው ደብዳቤ ያወጡ ነበር። ኤምባሲ ማለት አንድ መንግሥት በሌላ አገር ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። በ2011 ዓ.ም. ሁለቱም ኤምባሲዎች የሰውን ሁሉ ገቢ ማጣራት አንችልም ብለው ደብዳቤውን መስጠት አቆሙ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ጡረተኞች ገንዘቡን በየወሩ ከውጭ አገር ወደ ታይላንድ ባንክ ያስገባሉ። የባንኩ ጽሑፍ ምስክራቸው ይሆናል። ገንዘቡን በኪሱ ይዞ የገባ ሰው ግን ባንክ ስላልጻፈለት እንዳላገኘ ይቆጠርበታል።

ስለዚህ አስተዋይ ጡረተኛ ምን ያደርጋል? ልክ 65,000 ላይ አይንጠለጠልም፤ ምንዛሪ ቢወርድ የሚሸፍንበት ትርፍ ያስቀምጣል። ፈቃዱ የሚያልቅበትን ቀን ጽፎ ይይዛል። ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የባንክ ደብተሩን ያነባል። ሕጉ እንዳልተለወጠም በየዓመቱ ይጠይቃል።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ ይመስላል። ግን ብድር ስንወስድ፣ ግብር ስንከፍል እኛንም የሚጠይቀን ያው ወረቀት ነው። ስንት ብር? በየትኛው ቀን? ደረሰኙስ የት አለ? አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው። ማንበብ የቻልን ሰዎች ከመፈረማችን በፊት ቁጥሩንና ቀኑን እናንብብ።

ጥያቄዎች

1. ታይላንድ ለጡረተኛ ፈቃድ ስትሰጥ ስለ ገንዘብ የምትጠይቀው ለምንድን ነው?
2. የጎተራው ግማሽ እንደ ዘር እህል ነው ያልነው ለምንድን ነው?
3. አንድ ሰው በወር 50,000 ባት ያገኛል። በዓመት ስንት ይሆናል? 800,000 ለመሙላትስ በባንክ ስንት ማስቀመጥ አለበት?