የዎርድፕረስ ጠብና የጎጃም ድርሻ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር የዎርድፕረስ ተባባሪ መሥራች ማት ሙለንዌግ፣ ደብሊውፒ ኤንጂን የተባለውን የሆስቲንግ ድርጅት ከማኅበረሰቡ ይወስዳል እንጂ አይሰጥም ብሎ ወቀሰና ማሻሻያ ከሚታደልበት ሰርቨር አገደው። በጠቡ እጃቸው የሌለ የድርጅቱ ደንበኞች ፕለጊናቸውን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመረውን ፕሮግራም) በወትሮው መንገድ ማደስ አቃታቸው። ድርጅቱ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በጥቅምት ደግሞ ሙለንዌግ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የዚያኑ ድርጅት ፕለጊን ስሙን ለውጦ ተረከበው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ እገዳው እንዲነሳ አዘዘ። በጥር የሙለንዌግ ኩባንያ አውቶማቲክ ለፕሮጀክቱ በየሳምንቱ ይሰጥ የነበረውን ወደ 4,000 የሚጠጋ የሥራ ሰዓት ወደ 45 አወረደው፤ ሥራውን እንደገና የጀመረው ከወራት በኋላ ነው። ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ 43 ያህሉ የቆሙበት ሶፍትዌር የአንድ ሰው ቁጣ እንዲህ ካናወጠው፣ «የጋራ ነው» የሚለው ቃል መመርመር አለበት።

ጠቡ ገልጦ ያሳየው የባለቤትነቱን ሦስት ገጽ ነው። ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ የሁሉም ነው፤ የንግድ ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የዎርድፕረስ ፋውንዴሽን ነው፤ ፕለጊንና ማሻሻያ የሚታደልበት ድረ ገጽ ግን የሙለንዌግ የግል ንብረት ነው። ሊኑክስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ፌር የተባለውን አማራጭ ማከፋፈያ የደገፈው ለዚህ ነው። ኮዱን ወስዶ መገንጠልም ለዘርፉ አዲስ አይደለም፤ ዎርድፕረስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ቢቱ ከተባለ ፕሮግራም ገንጥለው ያወጡት ነው፣ ጁምላ የተባለው ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያም እ.ኤ.አ. በ2005 ከማምቦ ወጣ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ፈቃዱ ኮዱን የመውሰድ መብት ይሰጣል፤ ኮዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ግን ሥራው ላይ የተገኙት ናቸው።

እኛ ሥራው ላይ ባለመገኘታችን የምንከፍለው ዋጋ በአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ጎልቶ ይታያል። የጽሑፍ ርዕስ በግዕዝ ፊደል ሲገባ፣ በአድራሻው ውስጥ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይፈጃል፤ የተመደበው ቦታ 200 ምልክት ብቻ ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይቆረጣል። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ቀኑ የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መስከረም 1 የሚያውቅ ፕለጊን ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። እነዚህን ጉድለቶች ካሊፎርኒያ ያለ ባለሙያ ሳያስተካክላቸው የቀረው በክፋት አይደለም፤ መኖራቸውን አያውቅም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ጠይቀው፣ ተከራክረውና ሠርተው ነው። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው በዚያ ድካም ነው።

ሥራው ላይ እንገኝ ሲባል የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ለአሜሪካ ኩባንያ በነፃ መሥራት ብዝበዛ ነው ይባላል። ነገር ግን በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት፣ የበሰለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስቀጽላል እንጂ ተበዘበዝኩ አይልም፤ እርግጥ የቅኔ መምህር የንግድ ምልክት የለውም። ስለዚህ ስጋቱ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የፍለጋውን ጉድለት ያስተካከለ ሰው በመጀመሪያ የሚጠቅመው የራሱን አንባቢ ነው፤ ኮዱም በጂፒኤል ስለሚወጣ ባለቤቱ ቢቆጣ እንኳ ተገንጥሎ ይኖራል። ሁለተኛው ተቃውሞ ኢንተርኔት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየ ሰው ይህን አያቃልለውም። ነገር ግን ዎርድፕረስን ወደ አማርኛ ለመመለስ የትርጉም ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መሥራትና መስመር ሲገኝ መልሶ መጫን ይቻላል፤ ዎርድፕረስንም በላፕቶፕ ላይ ጭኖ መሞከር ይቻላል። ሦስተኛው እንግሊዝኛ ነው። መተርጎም ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ጥሩ አማርኛ ነው፤ በዚህ ጎጃም አይታማም።

የሚቀረው ሥራውን የሚጀምር ሰው ነው። በየዓመቱ የኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ፤ ከቀረበ በኋላ አብዛኛው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከእነዚህ ጥቂቱን ወደ ፊደል ፍለጋው፣ ወደ አድራሻው ርዝመትና ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ቢመሯቸው፣ ተማሪው ስሙ በዓለም ፊት የሚታይ ሥራ ይዞ ይመረቃል፤ የአማርኛ ድረ ገጽም ይቃናል። ሙለንዌግ ከማን ጋር እንደሚታረቅ መወሰን አንችልም፤ «ፀሐይ» ሲፈለግ «ጸሀይ» እንዲገኝ ማድረግ ግን የእኛ ሥራ ነው፣ ሌላ የሚሠራልንም የለም።