«ቁጭ ብለህ አጥና!»

ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ልጁ ደብተሩ ላይ ያንቀላፋል፤ ወይም ይቁነጠነጣል። አባት «ቁጭ በል!» ይላል፤ እናት «ተወው፣ ትንሽ ይጫወት» ትላለች። ጭቅጭቁ በባልና ሚስት መካከል ይሆናል፤ ልጁ ግን «ቀዥቃዣ» የሚል ስም ይዞ ያድጋል።

ውድ ወላጆች፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 ልጆችን ፈትነው ነበር። ልጆቹ ለ20 ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ፣ ቁጭ ብለው ካረፉበት ጊዜ ይልቅ ትኩረታቸውም ንባብ የመረዳት ችሎታቸውም ተሽሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እናትየዋን ግን ይደግፋል።

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርባት ድሬ ደግሞ ለቋንቋ ትምህርት የሚሆን ዘዴ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ያስተዋወቁት ነው። መምህሩ በአዲሱ ቋንቋ «ተነሱ፣ በሩን ንኩ፣ ተቀመጡ» እያለ ራሱም ይሠራል፤ ተማሪዎቹ ይከተላሉ። ዝግጁ እስኪሆኑ እንዲናገሩ አይገደዱም። (በልጅነታችን መዝሙር በእጅ ምልክት የተማርን ሰዎች ዘዴው አዲስ አይሆንብንም።)

ክፍሉ ቢጠብም መምህሩ ልጆቹን ባሉበት አቁሞ የማባዛት ሰንጠረዡን በጭብጨባ ማስቆጠር ይችላል። በቀትር ማዘለል ግን አይሆንም፤ ለዚያ የጠዋቱ ነፋሻ ሰዓት ይሻላል። ማታ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁ ግቢውን እየዞረ ቃላቱን ይበል፤ አባትም አብሮት እየዞረ ይጠይቀው።