«ቫሎሪዛሲዮን» እና የቆራሌው ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስ የ22 ገጽ ሰነድ ተቀበልኩ። ርዕሱ የቆሻሻ አያያዝ ነው። «ቆሻሻ ደሞ ምን ይከብዳል?» ብዬ በሁለት ሌሊት ልጨርሰው ተነሳሁ። ክፍያው በገጽ ስለነበር ብሩን ሳልቀበለው በሐሳቤ አውጥቼው ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ቫሎሪዛሲዮን» የሚል ቃል መጣና ዕቅዴን አበላሸው።

ቃሉ ሲታይ የዋህ ነው። ሥሩ «ቫለር» ነው፣ ዋጋ ማለት። የስልኬ መተርጎሚያ «ቫሎራይዜሽን» አለኝ። እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ከምርምር ጽሑፍ ውጭ ግን የሚናገረው ሰው ብዙ አይገኝም። እኔም ብልጥ ሆንኩና «ሪሳይክሊንግ» ብዬ ቀየርኩት። በሰነዱ ውስጥ ከሚሰበሰበው ቆሻሻ አብዛኛው «ቫሎሪዜ» ይደረጋል የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። በእኔ እንግሊዝኛ አብዛኛው ሪሳይክል ይደረጋል ሆነ። ደንበኛዬ አንብቦ በጣም ደስ አለው። ችግሩም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰነዱ የሚያወራው ስለ ማቃጠያ ፋብሪካ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንሳይኛ «ቫሎሪዛሲዮን» ትልቅ ጃንጥላ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ሌላ ዕቃ መሥራትም፣ የአትክልት ልጣጭ ኮምፖስት ማድረግም፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨትም ሥሩ ይገባሉ። የአውሮፓ ኅብረት የ2008 የቆሻሻ መመሪያ በሁለቱም ቋንቋ ወጥቷል፣ ሁለቱም እኩል ሕግ ናቸው። ፈረንሳይኛው «ቫሎሪዛሲዮን» ባለበት እንግሊዝኛው «ሪካቨሪ» ይላል። እኔ ይህን የተማርኩት ከተዋረድኩ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በፊት ሁለቱን የመመሪያ ቅጂዎች ጎን ለጎን መክፈት ነው የሚያዋጣው።

«የቃል ጣጣ ነው፣ ምን አመጣው?» ለምትሉ፣ ብሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። መመሪያው ቆሻሻን በአምስት ደረጃ ያስቀምጣል። መጀመሪያ እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ቀጥሎ ለዳግም አገልግሎት ማዘጋጀት፣ ከዚያ ሪሳይክሊንግ፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት ሪካቨሪ፣ መጨረሻ ላይ ማስወገድ። ማቃጠያ ፋብሪካ አራተኛው ደረጃ ላይ ለመቀመጥ እንኳ ፈተና አለበት። በ2009 እና ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያገኘ ከሆነ በቀመር የሚሰላው የኃይል ውጤታማነቱ ቢያንስ 0.65 መድረስ አለበት። ካልደረሰ «ማስወገድ» ተብሎ መጨረሻው ደረጃ ላይ ይወድቃል። አባል አገራት በ2035 ከማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ 65 በመቶውን ለዳግም አገልግሎት እንዲያዘጋጁና ሪሳይክል እንዲያደርጉ ግዴታ አለባቸው፤ የተቃጠለው ቆሻሻ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ በአንድ ቃል የማቃጠያውን ቶን ወደ ሪሳይክሊንግ ዓምድ ሊያዞረው ይችላል። እኔ አዙሬዋለሁ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይችልም። ማቃጠያ አንዴ ከተሠራ ወጪውን ለመመለስ በየቀኑ መብላት አለበት። በደንብ የሚነድለት ወረቀትና ፕላስቲክ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚገዛው፣ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ሌላ ዕቃ የሚሆነውም ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ሰነዱ ላይ ሁለቱም በአንድ ቃል ከተጠቀለሉ፣ አንዱ የሌላውን እንጀራ እየወሰደ እንደሆነ አንባቢው በምን ያውቃል? እኛም ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ስላለን ጥያቄው የፓሪስ ብቻ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ «ኮንሲኝ» ነው። ጠርሙስ ስትመልሱ የሚመለስላችሁ ማስያዣ «ኮንሲኝ» ይባላል። የትኛው ቆሻሻ የትኛው ቅርጫት ይግባ የሚለው መመሪያም «ኮንሲኝ ደ ትሪ» ነው። ባቡር ጣቢያ ሻንጣ የምታስቀምጡበትም ቦታ እንደዚያው። ፈረንሳይ በ2023 መጀመሪያ ማንኛውም የፕላስቲክ ማሸጊያ ቢጫው ቅርጫት እንዲገባ ስታደርግ ለውጡ የተጠራው «የኮንሲኝ ደ ትሪ መስፋፋት» ተብሎ ነበር። ተርጓሚው ከተኛ ፈረንሳይ በሁሉም ማሸጊያ ላይ ማስያዣ ጣለች ተብሎ ሊወጣ ነው።

ማስያዣው ራሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ለፈረንሳዮች የድሮው ኮንሲኝ የእኛ ሱቅ የሚያደርገው ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ወይ ገንዘብ ታስይዛላችሁ፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ይሞላል። በ2019 መንግሥት ለፕላስቲክ ጠርሙስም ኮንሲኝ ላምጣ ሲል ብዙ ከንቲባዎች ተቃወሙ። አንዱ ክርክራቸው «ይሄማ ጠርሙሱ ተፈጭቶ የሚቀር ነው፣ ምኑ ኮንሲኝ ነው?» የሚል ነበር። ሌላው የኪስ ጉዳይ ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቢጫው ቅርጫት ተለይቶ ለከተሞቹ ገቢ የሚያስገባ ጥሩ ዕቃ ስለሆነ እንዲወሰድባቸው አልፈለጉም። እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ዲፖዚት» ብሎ ስለሚጠራ የቃሉ ክርክር ሲተረጎም ይተንና ባዶ ይቀራል። እዚያ ጋ አንድ ቃል መርጦ ማለፍ አያዋጣም፤ «ለመሙላት» ወይም «ለመፍጨት» የሚል መጨመር ግድ ነው።

«ኤሊሚናሲዮን» ላይ ብዙ አልቆይም። እንግሊዝኛው «ዲስፖዛል» ነው። «ኢሊሚኔሽን» ካላችሁ ቆሻሻው ከምድር ላይ ጠፋ ማለት ነው፤ በእውነቱ ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

«ዴሻርዥ» ግን ያሳስበኛል። ዝም ብሎ የሚደፋበት ክምርም፣ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ያለው፣ ፍሳሹና ጋዙ የሚሰበሰብበት ቦታም በዚህ ቃል ሊጠራ ይችላል። እንግሊዝኛ «ደምፕ» እና «ላንድፊል» ብሎ ይለያል፣ ስለዚህ ተርጓሚው መምረጥ አለበት፣ ለመምረጥ ደግሞ ቦታውን ማወቅ። በአማርኛ እኛም ሁለቱንም «ቆሻሻ መጣያ» እንላለን። የሰንዳፋው ዘመናዊ ማስወገጃ የተሠራው በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ነው። በ2008 ሥራ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ «ዴሻርዥ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር የቱ እንደሆነ ሳላጣራ አላልፍም።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዮች የቆሻሻ ቅርጫትን «ፑቤል» የሚሉት በሰው ስም ነው። ኧዤን ፑቤል የሚባል የፓሪስ አስተዳዳሪ በ1883 የቤት ባለቤቶች ለተከራይ ክዳን ያለው ዕቃ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ለሚበሰብስ አንድ፣ ለወረቀትና ጨርቅ አንድ፣ ለመስታወትና ለኦይስተር ቅርፊት አንድ። ጨርቅና ብረት እየለቀሙ የሚኖሩት የፓሪስ ቆራሌዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ተቆጡ። ስሙ ለዘላለም ከቆሻሻ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ሥልጣን እንዲህም ያስከፍላል።

ሰነዱን በሦስተኛው ሳምንት አርሜ ላክሁ። ለተጨማሪው ጊዜ ክፍያ አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነዋ። አሁን ስልኬ ላይ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አለ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ። አማርኛው በብዛት ባዶ ነው፤ «መልሶ መጠቀም» ብዬ የሞላሁት ቦታ ስድስት ጊዜ ተደጋግሟል።

ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው በራችን ላይ መጣና እናቴ የዘይት ጀሪካን ሸጠችለት። ታጥቦ ለውኃ መቅጃ እንደሚሸጥ ነገረን። በፈረንሳይ ሕግ ሳይጣል ከእጅ ወደ እጅ ስለሄደ «ሬአምፕሯ» ነው። ያው ጀሪካን ቆሼ ከተጣለ በኋላ ተለቅሞ ቢታጠብ ኖሮ «ሬዩቲሊዛሲዮን» ይሆን ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሪዩዝ» ናቸው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «እሱስ ይሁን፣ ግን ዋጋውን ቀነሰብኝ» አለችኝ።